ቅቤውን ያላቆሸሸው ቀለም

ጊልበርት አስኪው ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ።

ጓንት ሰፊ ነበር። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ደጁ ተቀምጦ የአንዲት ሙሽራ ጓንት ሲጠልፍ መንገደኛው ሁሉ አይቶታል። ሲነጋ ግን ጣቶቹ አንሶላውን ጨምድደው፣ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ተሰብስቦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

ኡርሱላ ፔቲፈር ተጠራች። የአጥቢያው ሬሳ መርማሪ ናት። ሰው በሞተ ቁጥር ነጭ በትሯን ይዛ ትገባለች፤ አገላብጣ ታያለች፤ ከዚያ “ይህ ትኩሳት ነው፣ ይህ እርጅና ነው” ብላ ለአጥቢያው ጸሐፊ ትናገራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት በዚሁ ሥራ ኖራለች። ነጩ በትር ሲታይ የለንደን ሰው ግድግዳ ታክኮ ያሳልፋታል። ወረርሽኝ ከገባበት ቤት ትውጣ አትውጣ ማን ያውቃል?

የሟቹን ድድ አየች። ሆዱን ዳበሰች። አልጋው ሥር ያለውን ሳህን አሸተተች። ሚስቱ ቶማሲን በሩን ይዛ ቆማለች። አታለቅስም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታስታምም ያደረ ሰው ዓይኑ እንደሚደርቀው ዓይኗ ደርቋል።

“ማታ ምን በላ?” አለች ኡርሱላ።

“ምንም። ሾርባ ሠርቼለት ነበር፣ አልቀመሰውም። ወንድሙ ሮውላንድ እርቅ ብሎ ጠንካራ ቢራ ይዞ መጥቶ እሱን ነው የጠጣው። ሮውላንድ ከሄደ በኋላ ሆዴን አለ።”

ኡርሱላ ወደ ጸሐፊው ሄዳ የተናገረችው አንዲት ቃል ብቻ ነው። “መርዝ” አለች። እውነት ነበር። ግን እውነትን ተናግሮ ወደ ቤት መሄድ ብቻውን እንደማይበቃ ያን ቀን አላወቀችም።

ቀትር ላይ ቅቤ ልትገዛ ገበያ ወጣች። በገበያው መካከል አንድ ዘፋኝ በርጩማ ላይ ቆሞ፣ ክንዱ ላይ ብዙ ወረቀት አንጠልጥሎ ይዘፍናል። ዜማው ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ነው።

“ሚስቶች ተማሩብኝ፣ እኔን አይታችሁ፤
መርዝ አጠጣሁት ባሌን፣ ልንገራችሁ።
ሾርባ ነው ብዬ ሞት ቀድቼ ሰጠሁት፤
በሌላ ሰው ፍቅር አብጄ ቀበርሁት።”

ርዕሱ “የጓንት ሰፊው ሚስት የቶማሲን ኑዛዜ” ይላል። ከላይ አንዲት ሴት እንጨት ላይ ታስራ ስትቃጠል የሚያሳይ ሥዕል አለበት። ሰው እየተጋፋ በአንድ ፔኒ ይገዛል። ቅቤ ሻጯም ገዝታ ነበር። እስከ ቀትር ግጥሙን በቃሏ ስለያዘችው ወረቀቱ ሌላ ጥቅም አልነበረውም፤ የኡርሱላን ቅቤ ጠቅልላ ሰጠቻት።

“እንዴት ፈጠኑ” አለች ኡርሱላ በልቧ። ከዚያ ወገቧን ስላመማት ወደ ቤቷ ሄደች። በኋላ በዚህ ራሷን ብዙ ወቅሳለች።

በዚያው ቀን ማታ ቶማሲን ታሰረች። ቤቷ ሲበረበር ጥቂት የአይጥ መርዝ ተገኘ። ቆዳ የሚያስቀምጥ ቤት ሁሉ የአይጥ መርዝ አለው፣ ግን ማን ይሰማል? ደግሞ ግጥሙ ስለ አንድ ውሽማ ያወራል። የጊልበርት ረዳት ሰፊ ፒርስ ዘፈኑን ሲሰማ ሰው መንገድ ላይ እንዳይቀጠቅጠው ፈርቶ ጠፋ። መጥፋቱ ደግሞ ለከተማው ሌላ ማስረጃ ሆነ። ኡርሱላ ራሷ ሁለት ቀን ሙሉ “ምናልባት ይሄ ልጅ ይሆናል” ስትል ነበር። እሑድ ላይ ፒርስ እናቱ ቤት አልጋ ሥር ተደብቆ እንደሚያለቅስ ከእናቱ አፍ ሰማችና ተወችው።

ቆዳ ነጋዴው ሮውላንድ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የሞተበት ወንድሙ ነው፤ ሰው ሁሉ አዘነለት። ወደ ዳኛውም “ይህች ሴት ቶሎ ይፈረድባት” ብሎ በገዛ እጁ ማመልከቻ ጻፈ፤ ከመላኩም በፊት ለሰፈሩ ሰው አነበበው።

የፍርዱ ቀን በሳምንቱ ዓርብ ሆነ። ሚስቱን የገደለ ባል ይሰቀላል። ባሏን የገደለች ሚስት ግን ከነነፍሷ ትቃጠላለች፤ ሕጉ ነው። ፍርድ ሊሰጡ የተመረጡት አሥራ ሁለቱ ሰዎች ዜማውን እያፏጩ ይሄዱ ነበር። ቢራ ቤቱ ሁሉ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ያልተጠየቀች ሴት መልስ ሰጥታ፣ ያልተፈረደባት ሴት ተቃጥላ፣ በአንድ ፔኒ ትሸጥ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገው ደግሞ በየእሑዱ ስለ ሐሰት ምስክርነት ስብከት የሚሰማ ሕዝብ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ኡርሱላ ቅቤውን ከጓዳ አወጣች። ወረቀቱን ፈታች። ቢላዋዋን አነሳችና ቆመች።

ቅቤው ንጹሕ ነበር። አንድ ጭረት የለበትም።

ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ባሏ በሕይወቱ ዘመን የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። እሷም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከማተሚያው የሚወጣውን ወረቀት ገመድ ላይ ስትሰቅል ኖራለች። ወረቀቱ ከመታተሙ ከአንድ ቀን በፊት በውኃ ይነከራል። ሲታተም ርጥብ ነው። ቀለሙ የተልባ ዘይትና ጥላሸት ነው፤ በአንድ ጀንበር አይደርቅም። ሁለት ሦስት ቀን ያልሞላው ወረቀት ቅቤ ከነካ ፊደሉ ቅቤው ላይ ተገልብጦ ይቀራል። ስንት ጊዜ የባሏ ቁርስ ላይ የሰው ስቅላት አንብባለች።

ይህ ወረቀት ግን ጊልበርት ሞቶ በተገኘበት ዕለት ቀትር ላይ ቅቤ ተጠቅልሎበታል። ቀለሙ አልወጣም። ደርቋል። ስለዚህ ወረቀቱ ሲታተም ጊልበርት ደጁ ላይ ተቀምጦ ጓንት እየጠለፈ ነበር።

ዝም ብላ አላመነችም። ገበያ ወረደች። ትናንት ታትሞ የወጣ፣ ባሕር ዳር ስለተጣለ ትልቅ ዓሣ የሚተርክ ወረቀት ገዛች። ቅቤዋን ቆርሳ ጫነችበት። ስታነሳው የዓሣው ጅራትና ግማሹ ግጥም ቅቤው ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል።

ሁለቱንም ቅቤ በሳህን ይዛ ወደ ሰፈሩ ዘብ አለቃ ወደ ሃምፍሪ ሄደች። ሃምፍሪ ቁርሱን እየበላ ነበር። ስለ ውኃው፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ቀናቱ አንድ በአንድ ነገረችው። እሱ እያኘከ ሰማት።

“እማማ፣ ዓርብ ዳኛው ፊት ቅቤ ይማልልዎት?” አላት።

“ዳኛው ፊት ዘፈን ይማል የለም እንዴ?”

“ዘፈኑ ራሷ የተናገረችው ነው። ‘እኔ’ ይላል እኮ።”

“የታሰረችው ሐሙስ ማታ ነው። ዘፈኑ የወጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ማን ጠይቋት ተናገረች?”

ሃምፍሪ መልስ ያጣ ሹም የሚያደርገውን አደረገ፤ ሳቀ። ከዚያ ንጹሑን ቅቤ በቢላዋ ጠርጎ ዳቦው ላይ ቀባና ጎረሰው።

ኡርሱላ ሳህኑ ላይ ንጹሑ ቅቤ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየች። ምስክሯን በልቶታል። ደሟ ፈላ። ሰውየውን በነጩ በትር አናቱን ብትለው እግዜር ይቅር የሚላት መሰላት፤ ግን ወጥታ ሄደች። “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይባላል። ቶማሲን የቀሯት ሦስት ሌሊቶች ናቸው፤ እያደር የሚጠራ እውነት ለእሷ አመድ ላይ የሚበራ ፀሐይ ነው።

የግጥሙ ጸሐፊ ማን እንደሆነ ማግኘት አላስቸገራትም። ጀሮም ፍላክ ይባላል። በፊት ቀለም ቀመስ ጸሐፊ ነበር፤ አሁን የተሰቀለ ሰው ሁሉ ኑዛዜ ከሱ ብዕር ይወጣል። ቀትር ላይ በተለመደው ቢራ ቤት ጥግ ተቀምጦ ይጽፋል። ኡርሱላ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና በትሯን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ከጎኑ የነበሩት ሁለት ጠጪዎች ወዲያው ሌላ ቦታ አማራቸው።

“ምን እየጻፍህ ነው?”

“ሁለተኛውን ክፍል።” አላፈረም። “እሳቱ እግሯን ሲነካት የምትለውን። ዓርብ ከተፈረደ ሰኞ መድረስ አለበት።”

“እሷ ምን እንደምትል አንተ በምን አወቅህ?”

“እማማ፣ ሁሉም አንድ ነው የሚሉት። ሚስቶች ተማሩብኝ፣ ልጆች ጸልዩልኝ። ሌላ ቢሉ አይገጥምም።”

“የመጀመሪያውን ክፍል መቼ ጻፍኸው?”

ብዕሩን አስቀመጠ። “ሐሙስ።”

“ሐሙስ ገበያ ላይ ሲዘፈን ነበር። ወረቀቱም ደርቆ ነበር። እኔ የማን ሚስት እንደነበርሁ ታውቃለህ። አትዋሸኝ።”

ጀሮም ጽዋውን አየ፤ ባዶ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ተናገረ። ጊልበርት ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ አንድ ሰው ታሪኩን በወረቀት ጽፎ አመጣለት። ነገሩ በሰሜን በሌላ ከተማ የሆነ ነው አለው። የሴትዮዋ ዘመዶች ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ የከተማውን ስም አትጻፍ አለው። ስሟን ግን ቶማሲን በል፤ ዘፋኙም ሐሙስ ጠዋት በዚህ ገበያ ይቁም አለው። ጀሮምም ጻፈ፤ ሰኞ ታተመ፤ ወረቀቱ በጥቅል ታስሮ እስከ ሐሙስ ተቀመጠ።

“ሐሙስ ዕለት ጓንት ሰፊ መሞቱን፣ ሚስቱም ቶማሲን መባሏን ሰማህ።”

“ሰማሁ።”

“ገባህ።”

“ገባኝ።”

“ስድስት ቀን ምን አደረግህ?”

ጀሮም ጣቱን ባልጨረሰው ግጥም ላይ እንዳሳረፈ ነበር። ስድስት ቀን ያደረገው እሱን ነው። ኡርሱላ በሕይወቷ ብዙ አስከሬን አይታለች፤ እንደዚህ ሰው ያስጠየፋት ግን አልነበረም። መርዝ የሰጠው ሰው ቢያንስ ከገደለው ሰው ጋር ጠላትነት ነበረው። ይሄ ቶማሲንን በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

“ሰውየው ማን ነው?”

“ስሙን አልነገረኝም። ባርኔጣው ዓይኑን ሸፍኖታል። ቆዳ ቆዳ ይሸታል።”

“ያመጣው ጽሑፍስ? የት አለ?”

“አቃጥለው ብሎኝ ነበር።”

“አቃጠልኸው?”

ጀሮም እንደ ሞኝ አያት። “እማማ፣ ጀርባው ባዶ ነበር። ባዶ ጀርባ ያለው ጥሩ ወረቀት ማን ያቃጥላል? ግጥሙን እዚያው ላይ ጽፌ ለአታሚው ለክሪስፒን ሰጠሁት።”

ኡርሱላ ተነሳች። ቆዳ የሚሸት፣ ለዳኛውም በገዛ እጁ የጻፈ አንድ ሰው ታውቃለች፤ ሮውላንድ። ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ሲቸግረው ወረቀት የሚቆጥብ ሰው አይደለም። የድሀ ገጣሚን ኑሮ ቢያውቅ ኖሮ ወረቀቱን ራሱ ያቃጥለው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ድልድዩን ተሻግራ ወደ ክሪስፒን ዌይድ ማተሚያ ቤት ገባች። ባሏ ሃያ ዓመት የሠራበት ቤት ነው። ክሪስፒን ያን ጊዜ ሎሌ ነበር፤ አሁን ጌታ ሆኗል። ከማተሚያው ጎን ግድግዳው ላይ ረጅሙ ምስማር እንደ ድሮው አለ። ለኅትመት ፊደሉ ተለቅሞ ያለቀለት የእጅ ጽሑፍ ሁሉ እዚያ ላይ ይሰካል፤ የዛሬው ከላይ፣ የትናንቱ ከሥር፣ የባለፈው ሳምንት ከዚያ ሥር። ዓመት ሲሞላ ለዳቦ ጋጋሪ እሳት ማያያዣ ይሄዳል።

የፈለገችውን ነገረችው። ክሪስፒን በመጀመሪያ ምንም አላውቅም አለ። ከዚያ ሰኞ እንደታተመ አመነ። ከዚያ ደግሞ ተቆጣ።

“እማማ፣ ይህ ቤት ሁሌም ቀድሞ ነው የሚያትመው። ሌባው ገና ጋሪ ላይ ሳይወጣ ስንብቱን አትመን እንጠብቃለን። ይህንን እርስዎ ራስዎ ስንት ጊዜ ሰቅለዋል! ሰው እስኪሰቀል ብጠብቅ ተፎካካሪዎቼ ይበሉኛል። ቀድሞ መጣ ብዬ ለምን እጠራጠራለሁ?”

ይህ ነገር ወጋት። እውነቱን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገና በሕይወት ያሉ ሰዎችን የመጨረሻ ቃል ገመድ ላይ ስትሰቅል፣ አንድም ቀን እጇ አልተንቀጠቀጠም።

“ልክ ነህ” አለችው። “እኔም አለሁበት። ስለዚህ ምስማሩን ስጠኝ፣ ሁለታችንም እንታጠብ።”

“አልሰጥም። ፈቃዴን ይነጥቁኛል።”

ኡርሱላ አልተከራከረችም። ወጥታ ደጁ ላይ፣ የበሩ መቃን አጠገብ ቆመች። ነጩን በትር ቀጥ አድርጋ ያዘችው።

አንድ መጽሐፍ ገዢ መጣ፤ በትሩን አየና አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ተመለሰ። ሁለት ዘፋኞች መጡ፤ መንገዱን ተሻገሩ። ፊት ለፊት ያለው ሻማ ሠሪ መስኮቱን ዘጋ። “ወረርሽኙ ክሪስፒን ቤት ገባ እንዴ?” ሲባባሉ ይሰማል። ሬሳ መርማሪ የቆመችበት ቤት ደጃፍ ላይ ነገ የወረርሽኝ ምልክት የሆነው ቀይ መስቀል ሊቀባ ይችላል፤ ማንም ለማጣራት አይጠጋም።

ክሪስፒን ራሱ ምስማሩን ከነግድግዳ እንጨቱ ነቅሎ አመጣላት። “ከዚህ ደጅ ዞር ይበሉልኝ ብቻ” አላት።

“አንድም ወረቀት አልነካህም?”

“አልነካሁም።”

ኡርሱላ ምስማሩን በአንድ እጇ፣ በትሩን በሌላው ይዛ በለንደን መካከል አለፈች። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።

ዳኛው ሰር ጀርቬዝ ሆልት በጽሕፈት ክፍላቸው ነበሩ። ሊያባርሯት ነበር። ግን በአጥቢያዋ ከሞተ ሰው ጋር የተያያዘ ነገር ሬሳ መርማሪ ስታመጣ አለመስማት ኋላ ያስጠይቃል። እሷም ጮክ አላለችም። ሮውላንድ አስኪው ይጠራልኝ አለች፤ “ስለ ማመልከቻው” ይባል አለች። ጀሮም ፍላክን ደግሞ ዘብ ይዞት እንዲመጣ ለመነች።

ሮውላንድ ጥቁር ለብሶ መጣ። ወፍራም፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው። ጀሮምን ሲያይ ፊቱ አልተለወጠም፤ ዓይኑን ብቻ ቶሎ አነሳ። ጀሮም “ድምፁን ካሰማኝ እለየዋለሁ” አለ።

“የሰካራም ጆሮ ምስክር ሆነ?” አለ ሮውላንድ።

ጀሮም ራሱን ነቀነቀ። “እሱ ነው” አለ።

“ጌታዬ” አለ ሮውላንድ ወደ ዳኛው ዞሮ፣ “ይህ ሰው እንጀራው ውሸት ነው።”

“ባለፈው ሳምንት ሁሉ ግን እውነት ነበር” አለች ኡርሱላ። “እርስዎም በማመልከቻዎ ላይ ‘ራሷ በተናዘዘችው መሠረት’ ብለው ጽፈዋል።” ከዚያ ምስማሩን ዳኛው ፊት ጠረጴዛው ላይ አቆመች። “ጌታዬ፣ ወረቀቶቹን ከላይ ጀምረው በገዛ እጅዎ ያውጡ። እኔ አልነካም።”

ሰር ጀርቬዝ አንድ አንድ እያሉ አወጡ። የትልቁ ዓሣ ግጥም። የአንድ ስብከት ማስታወቂያ። የቀን መቁጠሪያ ገጽ። ከዚያ ቆም አሉ።

“ይህ የኔ ነው” አሉ። “አሳማ መንገድ ላይ እንዳይለቀቅ የሚለው ትእዛዝ። ባለፈው ረቡዕ ቀትር ላይ ጸሐፊዬ ይዞት ሄደ፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት ታትሞ ተለጠፈ።”

“ረቡዕ ቀትር ጊልበርት በምን ሁኔታ ላይ ነበር?” አለች ኡርሱላ።

“በሕይወት ነበር።”

“ከሥሩ ያለውን ያውጡ።”

አወጡት። በጀሮም የተጣደፈ የእጅ ጽሕፈት፣ ከላይ እስከ ታች፦ “ሚስቶች ተማሩብኝ…”። የቀለም ጣት አሻራ በየጠርዙ አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጸሐፊ ሳያስበው ዜማውን ጀምሮ አቋረጠ።

“ያገላብጡት” አለች ኡርሱላ።

ዳኛው ገለበጡ። በጀርባው የሌላ ሰው ጽሑፍ አለ፤ ዝርግና ከባድ የነጋዴ ጽሕፈት። ጓንት ሰፊ። ሚስቱ ቶማሲን። ሾርባ። የአይጥ መርዝ። ረዳቱ ውሽማዋ። ዳኛው ከመሳቢያቸው የሮውላንድን ማመልከቻ አውጥተው ከጎኑ አስቀመጡ። ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

“ይህ የአንተ ጽሕፈት ነው።”

ሮውላንድ ከንፈሩን ላሰ። “ነው” አለ። “አልክድም። ወንድሜ ሲሞት ተናድጄ ነው የጻፍሁት። ሐሙስ ጠዋት ነው የሰጠሁት።”

“ሐሙስ የሰጠኸው ወረቀት” አሉ ሰር ጀርቬዝ፣ “ረቡዕ ከሰዓት ከተሰካው ከኔ ትእዛዝ ሥር እንዴት ገባ?”

ሮውላንድ ምስማሩን አየ። ሦስት የቢራ ጽዋ ያህል የሚረዝም፣ የዛገ ምስማር። ከዚያ ዳኛውን አየ። ለመናገር ሁለት ጊዜ ጀመረ።

“ወንድምህ ገና ጓንት እየሰፋ ሳለ መሞቱን በምን አወቅህ?”

ዘቡ ወደ በሩ ተጠጋ።

“ቤቱ የኔ ነበር” አለ ሮውላንድ በመጨረሻ። ድምፁ ወፍሮ ወጣ። “በኩሩ እኔ ነኝ። አባታችን ‘ያስታመመኝ እሱ ነው’ ብሎ ለታናሹ ሰጠው። እሱ ደግሞ ለሚስቱ ተናዘዘ። ከየት የመጣች እንደሆነች ለማትታወቅ ሴት! እሷ ከጠፋች ግን ወደ ደሙ ይመለሳል። ወደኔ።”

ኡርሱላ አንድ ነገር ብቻ ልትጠይቀው ፈለገች። “መርዙን ሰጠኸው፤ ገባኝ። ዘፈኑ ለምን? ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?”

ሮውላንድ በንቀት አያት። “ሰው በመርዝ ሲሞት ‘ማታ ከማን ጋር ጠጣ?’ ብለው ይጠይቃሉ። አንቺ ራስሽ ትጠይቂ ነበር። ጥያቄው ሳይነሳ መልሱ በሰው ሁሉ አፍ መግባት ነበረበት።”

ጠይቃም ነበር። ቶማሲን በሩን ይዛ ቆማ ነግራታለች፦ ወንድሙ ቢራ ይዞ መጣ። ያን ቃል ያነሳው አልነበረም፤ ሾርባው ሁሉንም ጆሮ ሞልቶት ነበር። ኡርሱላን ንዴት ያዛት፤ ንዴቱ በሮውላንድ ላይ ብቻ አልነበረም።

ቶማሲን ቅዳሜ ተፈታች። ኡርሱላ እስር ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አሥር ዓመት አርጅታለች። አብረው ወደ ጓንት ሰፊዎቹ መንገድ ሲታጠፉ ሦስት ትንንሽ ሴቶች ልጆች ገመድ እየዘለሉ ይዘፍኑ ነበር፦ “ሾርባ ነው ብዬ ሞት ቀድቼ ሰጠሁት…”። አንዷ ቀና ብላ አየቻቸውና ዝላይዋን ቀጠለች። ክፋት አልነበረባትም። ዘፈን ነው።

ቶማሲን ቆመች።

“እማማ” አለች። “እኔን ፈቱኝ እንጂ፣ ከዘፈኑ አልፈቱኝም። ‘እኔ’ እያለ በየቤቱ ይዞራል። እኔ ከሞትሁ በኋላም እንዲሁ ይላል።”

ኡርሱላ እስከ ደጇ አደረሰቻትና ተመልሳ ድልድዩን ተሻገረች።

ክሪስፒን ማተሚያው ላይ ነበር። “የወንድም ገዳዩ የሮውላንድ ስንብት” እየተለቀመ ነው። የምትቃጠለውን ሴት ሥዕል አንስቶ የሚሰቀል ወንድ ሥዕል አስገብቶበታል። ከጎኑ ገና ያልተሸጠው የቶማሲን ኑዛዜ ተከምሯል፤ ዛሬም ሦስት ዘፋኞች ወስደዋል።

ኡርሱላ ክምሩን እንዲያቃጥልና በዚያው ዜማ ሌላ እንዲያትም ነገረችው፦ ቶማሲን አስኪው ባሏን አልገደለችም፣ የተዘፈነባት ሁሉ ውሸት ነበር የሚል።

ክሪስፒን ፈገግ አለ። “እማማ፣ ንጹሕ ሴት ማን ይገዛል?”

“በሷ አፍ ‘እኔ’ ብለህ ሸጥህ። አሁን ‘አይደለሁም’ ብለህ ሽጥ።”

“ከምሬ ነው። አይሸጥም።”

ኡርሱላ ወጣች። የበሩ መቃን አጠገብ፣ ባለፈው የቆመችበት ቦታ ቆማ ነጩን በትር ቀጥ አደረገች። ሻማ ሠሪው መስኮቱን ዘጋ። ዘፋኞቹ መንገድ ተሻገሩ።

ሰኞም ቆመች። ማክሰኞ ዝናብ ዘነበ፤ ቆመች። ክሪስፒን ቀትር ላይ አንገቱን አወጣ።

“እስከ መቼ ነው?” አላት።

“ወረቀት እስኪነከር።”

ረቡዕ ጠዋት ከውስጥ የባልዲ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ውኃ በክምር ወረቀት ላይ ሲፈስ ሰማች። ክሪስፒን በመስኮት ብቅ ብሎ “ሰሙ? በቃ፣ ይሂዱ” አላት። ኡርሱላ ንቅንቅ አላለችም። ከተነከረ ወረቀት እስከሚታተም ወረቀት አንድ ሙሉ ቀን እንዳለ ከማንም በላይ ታውቃለች።